በዓምዱ አናት የተሰቀለው አስር

የውሃ ላቦራቶሪው ሠራተኞች «እትዬ ነጥብ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት ሹፌሩ ነው። አንድ ቀን የናሙና ጠርሙሶች ተሸክሞ ሲገባ «ስንት ሰዓት ሆነ?» ቢላት፣ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና «ሦስት ከሃያ ሁለት ነጥብ አምስት» አለችው አሉ። ሹፌሩ ወሬውን ግቢውን ሁሉ አዳረሰው። እሷ ብያለሁም አላልኩምም አላለችም። ሲጠሯት አቤት ትላለች፣ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ መቁጠርና የቆጠረችውን መመዝገብ። የከተማው መጠጥ ውሃ ከሚቀዳበት ምንጭ ከመጣው፣ ገና ካልታከመ ጥሬ ውሃ አንድ ሚሊ ሊትር ትቀዳና ከዘጠና ዘጠኝ ሚሊ ሊትር ንጹህ ውሃ ጋር ትበጠብጠዋለች። ከዚያ ላይ አንድ ሚሊ ሊትር መልሳ ቀድታ፣ ለተህዋስያን ምግብ የሚሆን ዝልግልግ ነገር የረጋበት የመስታወት ሳህን ላይ ታፈሳለች። ሳህኑ ማሞቂያ ሳጥን ውስጥ አድሮ ሲወጣ፣ በዓይን የማትታይ የነበረች አንዲት ተህዋስ ተባዝታ ተባዝታ የመርፌ ራስ የምታህል ነጠብጣብ ሆና ትገኛለች። ሳህኑን መብራት ላይ ገልብጣ ነጠብጣቡን አንድ በአንድ ትቆጥራለች። አርባ አንድ ካገኘች በመቶ ታባዛለች፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ጥሬ ውሃ ውስጥ አራት ሺህ አንድ መቶ ነበረ ማለት ነው። መዝገቡ ላይ ግን 4100 ብላ አትጽፍም። 4.1 × 10³ ብላ ነው የምትጽፈው።

ይህን አጻጻፍ ትወደው ነበር። ከአንድ የማያንስ፣ አስር የማይሞላ ቁጥር ይቀድማል፤ ከኋላው አስር ይከተላል፤ ከአስሩ ትከሻ በላይ ደግሞ የዜሮውን ጭነት ሁሉ የተሸከመች አንዲት ትንሽ ቁጥር ትቀመጣለች። ትንሿ ሦስት ከሆነች ሺህ ነው፤ ስድስት ከሆነች ሚሊዮን ነው። ከፊቷ የመቀነስ ምልክት ካለ ደግሞ ማብዛቷ ቀርቶ ማሳነስ ይሆናል፤ ሺህኛ፣ ሚሊዮንኛ እያለች ትወርዳለች። ሁለት እንዲህ ያሉ ቁጥሮች ሲባዙ ፊተኞቹ ይባዛሉ፣ ትከሻ ላይ ያሉት ይደመራሉ፤ በቃ። ዩኒቨርሲቲ በገባች በመጀመሪያው ዓመት ይህን የተማረች ዕለት ሸክም የወረደላት መስሏት ነበር። ዜሮ የሚደረድር ሰው አንዱን ይዘነጋል፣ አንዱን ይደግማል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ግን አይሳሳትም ብላ አመነች። ይህን እምነቷንም ለዓመታት የነቀነቀባት ሰው አልነበረም።

ታናሽ ወንድሟ እዚያው መሥሪያ ቤት፣ የምንጩ ጣቢያ ኦፕሬተር ነበር። ከምንጩ የሚመጣው ውሃ ወደ ሰፈሮቹ ከመውረዱ በፊት ክሎሪን የሚጨምርበት እሱ ነው። ክሎሪን ሲለካ ስለሚውል፣ ልብሱ ቢታጠብ ገላው፣ ገላው ቢታጠብ ፀጉሩ ይሸታል። ሰፈሩ «በረኪና» አለው፤ ልጆቹ «ጋሽ በረኪና»። አይቀየምም። «እኔ በገባሁበት ቤት ጉንፋን አይገባም» እያለ ይስቅባቸዋል። እንግዳ ወደ ጣቢያው በመጣ ቁጥር ከቧንቧው ብርጭቆ ሞልቶ ያቀርብለታል፤ እንግዳው ካመነታ ራሱ ጭልጥ አድርጎ ጠጥቶ ባዶውን ብርጭቆ ገልብጦ ያሳየዋል።

እህትና ወንድም የሚኖሩት ወላጆቻቸው ትተውት በሄዱት ቤት ነው። ሁለቱ የፊት ክፍሎች የእሱ፣ የሚስቱና የአንዲት ልጁ ናቸው፤ የጓሮዋ ክፍል የእሷ ናት። ገበታው ግን አንድ ነው። በዚያ ገበታ ላይ አንድ ሕግ ነበረ። ከስምንት ዓመት በፊት እንግዶች ተቀምጠው ወንድሟ የጣቢያውን ገንዳ መጠን ሲናገር አንድ ዜሮ ጨመረ፤ እሷም ማንኪያዋን አስቀምጣ አረመችው። ቀልዶ ሊያልፈው ሞከረ። ደግማ አረመችው። ሁለት ወር ተኮራርፈው ጨው እንኳ የሚቀባበሉት በልጅቷ በኩል ሆነ። በመጨረሻ ሚስቱ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ ፈረደች።

«ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ከበር ውጭ ይቆያል» አለች። «እትዬ፣ አንቺም። እሱም። እዚህ ጠረጴዛ ላይ የሚቆጠረው ሰው ብቻ ነው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ።»

ሕጉ ሠራ። ሰላም ወረደ። ሁለቱ በአንድ ውሃ ላይ እየሠሩ፣ በአንድ ጣራ ሥር እያደሩ፣ ስለ ውሃው አንድም ቃል ሳይለዋወጡ ስምንት ዓመት አለፈ። የሚነጋገሩት በወረቀት ነበር፤ በየማለዳው ከመዝገቧ አንድ ገጽ ተቀድቶ በሞተር ብስክሌት ወደ ጣቢያው ይሄዳል። የጥሬው ውሃ ቁጥር ከአንድ ሺህ ካለፈ ኦፕሬተሩ ክሎሪኑን በእጥፍ ይጨምራል። የምንጩ ቁጥር በደህናው ቀን ሁለት መቶ ገደማ ነበር፤ 2.0 × 10²።

ከዚያ የመዝገቡ ጉዳይ መጣ። የላቦራቶሪው ክፍል ኃላፊ በዕድሜ ልጇ ሊሆን ትንሽ የቀረው፣ ቅን ግን ጥድፊያ የሚወድ ሰው ነው። አሮጌው መዝገብ አልቆ አዲሱ ሲታተም ዓምዶቹ ጠበው መጡ፤ ሙሉው ቁጥር አልገባ አለ።

«እትዬ፣ ይቺን አስር በየመስመሩ ከሚደጋግሟት አንዴ ከዓምዱ አናት ላይ ይስቀሏትና ይገላገሉ» አላት።

«ከነትንሿ?»

«ከነትንሿ። እንዴት እንደሚሰቀል እርስዎ ያውቃሉ፣ እኔ ምን አገባኝ።»

እሷም በጥቁር ቀለም፣ በማስመሪያ አስተካክላ፣ ከዓምዱ አናት ላይ «ብዛት × 10⁻³» ብላ ጻፈች። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ አጥብቀው ያስተማሯት እንዲህ ነበር፦ የዓምድ ርዕስ ለአንባቢ የሚሰጥ ትእዛዝ አይደለም፤ ጸሐፊው ያደረገውን የሚናገር ነው። ብዛቱን በሺህኛ አባዝቼ ነው ከታች ያስቀመጥኩት ማለት ነው። አራት ሺህ አንድ መቶ በሺህኛ ሲባዛ 4.1 ይሆናል፤ 4.1 ካየህ አራት ሺህ አንድ መቶ ነበረ ማለት ነው። ከሥሩ አንድ መስመር ማብራሪያ ልጨምር ብላ ብዕሯን አንስታ ነበር። ግን ተወችው። ወረቀቱ የሚደርሳቸው ሰዎች የተማሩ ናቸው፤ ማስረዳት እንደ ስድብ ይሆንባቸዋል ብላ አሰበች።

አዲሱ መዝገብ በተጀመረበት ሳምንት የምንጩ መያዣ ታጥቦ፣ ድንጋዩ ተለቅሞ፣ ክዳኑ ተቀይሮ ነበር። ሥራውን ያሠራው ወንድሟ ነው። በዚያው ሰሞን አንድ እሑድ ምሳ ላይ ደስታው አላስቀምጠው አለ።

«የእኔ ምንጭ ዘንድሮ ጸድቷል» አለ ዳቦውን እየቆረሰ። «ወረቀቱን ባያችሁት፣ ሕፃን የሚጠመቅበት ውሃ ሆኗል። ወደ ዜሮ እኮ ነው...»

«ወሬው ወደ በሩ እየሄደ ነው» አለች ሚስቱ ማንኪያዋን ወደ ደጅ እየጠቆመች። ልጅቷ ሳቀች። እሱም እጁን አፉ ላይ ጫነ።

እህቱ ሰምታዋለች። የምንጩ ቁጥር ወደ ዜሮ እንዳልሄደ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ዓርብ ዕለት 0.2 ብላ ጽፋለች፣ ያው የድሮው ሁለት መቶ። የወንድሟ ነገር፣ ማጋነን ልማዱ ነው ብላ ሾርባዋን ጨረሰች። ሁለት ወር ካስከፈላት እርማት በኋላ ሌላ እርማት የምትጀምርበት ልብ አልነበራትም።

በዝናቡ ወራት ከላይኛው ዳገት የወረደ ጎርፍ የምንጩን አዲስ ክዳን በአንድ ጎኑ አነሳው። ይህ የታወቀው ኋላ ነው። ያን ጊዜ እሷ የምታውቀው ነገር ቢኖር ማክሰኞ ጠዋት ሳህኑ ላይ ያገኘችው አርባ አንድ ነጠብጣብ ነው። ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። 4.1 ብላ ጻፈች፤ ወረቀቱ በሞተር ብስክሌቱ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ወንድሟ ከሥራ ሲመለስ ኮሪደሩ ላይ ተላለፉ። ሸተታት። ዛሬማ በእጥፍ ጨምሯል አለች በልቧ፣ ቀለል አላት። እሱ ግን እንደ ወትሮው ነበር የሸተተው። ረቡዕ ስልሳ ሦስት ቆጠረች፤ 6.3። የጥሬው ውሃ ቁጥር ክሎሪን ከመግባቱ በፊት የሚወሰድ ስለሆነ፣ ጣቢያው የሠራውንና ያልሠራውን አይናገርም።

ሐሙስ የታችኛው ሰፈር ሰው በተቅማጥ መውደቅ ጀመረ። ወንድሟ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ያሰበው ለበሽተኛ ቤት ውሃ እንዳያጥር ነው። ውሃውን ወደ ሰፈሮቹ የሚለቀውን ቫልቭ እስከ ጥጉ ከፈተው። ዓርብ ከቀትር በኋላ መሥሪያ ቤቱ ነቅቶ ክሎሪን በበርሜል ሲገለበጥ፣ አንድ ቀን ተኩል ሙሉ ከወትሮው እጥፍ ውሃ ወርዶ ነበር። እሱም ከዚያው ቧንቧ ጠጥቷል፤ ሰው እንዲረጋጋ ብሎ ለመጡት ሁሉ ብርጭቆ እየገለበጠ አሳይቷል።

እሑድ ሆስፒታል ገባ። አልጋ ሞልቶ ስለነበር ፍራሹ ከመተላለፊያው ግድግዳ ሥር ተነጠፈለት። ከጎኑ አንዲት አሮጊት፣ ከእሳቸው ጎን ሁለት ልጆች ተኝተዋል። ማክሰኞ ከሰዓት እህቱ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሚስቱ ቅያሪ ልብስ ልታመጣለት ወደ ቤት ሄዳለች። ዓይኖቹ ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ የእጁ ቆዳ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀራል።

«እታለም» አላት። ልጅ ሳሉ የሚጠራት እንዲህ ነበር።

«አለሁ።»

«ያ ያለፈው ማክሰኞ ወረቀት። አራት ነጥብ አንድ አልነበር?»

«አራት ነጥብ አንድ።»

«አዎ። አራት ነጥብ አንድ ሺህኛ። አንድ እንኳ አይሞላም።» ከንፈሩን ለማርጠብ ሞከረ። «ማንም እንዳይናገርሽ። የእሷ ቁጥር ንጹህ ነው፣ ነገሩ የገባው ከታች ከቧንቧው ነው ብዬ ለሁሉም ነግሬያለሁ። ከምንጬ አይደለም።»

እዚያ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ገባት። እሱ የተማረው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያስተማሩት፣ ከዓምዱ አናት ያለውን ከሥሩ ካለው ቁጥር ጋር አባዛ፣ እውነተኛውን ታገኛለህ ብለው ነው። 4.1 ሲያይ በሺህኛ አባዝቶ 0.0041 አነበበ። ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ነበር ያነበበው። ምንጩ መታጠቡን አይቷል፤ ቁጥሩ መውረዱን አይቷል፤ አንዱ ሌላውን አረጋገጠለት። እሷ በጻፈችውና እሱ ባነበበው መካከል አንድ ሚሊዮን እጥፍ ነበረ።

ልትነግረው አፏን ከፈተች። መንገሩ የሚያድነው ሰው አልነበረም፤ ውሃው ከዓርብ ጀምሮ ታክሟል። እሱ ደግሞ ምንጬ ንጹህ ነው፣ የእህቴ ቁጥር ንጹህ ነው ብሎ አርፎ ተኝቷል። አፏን መልሳ ዘጋች። ልብሱን አስተካከለችለት። ዝም ብላ ስትቀመጥ ግን ጭንቅላቷ አላርፍ አላት፤ ገንዳው ሁለት ሚሊዮን ሊትር ነው፣ 2 × 10⁹ ሚሊ ሊትር፤ ያንን በ4.1 × 10³ ማባዛት፤ ፊተኞቹ ይባዛሉ፣ ትከሻ ላይ ያሉት ይደመራሉ፤ 8.2 × 10¹²። ቁጥሩ አንድ መስመር እንኳ አልሞላም። በዚያ መተላለፊያ ጫፍ እስከ ጫፍ ከተነጠፈው ፍራሽ አጠገብ እንዲህ ያጠረ ነገር ማሰቧ አስጠላት።

ረቡዕ ንጋት ላይ ሞተ። ከእሱ ጋር የሞቱት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

ከሁለት ወር በኋላ አጣሪ ኮሚቴው ረቂቅ ሪፖርቱን አዘጋጅቶ ጠራት። ክፍል ኃላፊዋ አብሯት ገባ። ሰብሳቢው ለስለስ ያሉ፣ መነጽራቸውን ደጋግመው የሚጠርጉ ሽማግሌ ናቸው።

«እርስዎ የሚፈርሙት መዝገቡ ትክክለኛ ቅጂ መሆኑን ብቻ ነው» አሏት።

አነበበችው። ሦስተኛው አንቀጽ «የጣቢያው ኦፕሬተር የላቦራቶሪውን ሪፖርት ማንበብ ባለመቻላቸው» ይላል።

«ማንበብ ይችል ነበር» አለች።

«እንግዲህ ወረቀቱ 4.1 ይላል። ርዕሱም አለ። ሰውየው አሳንሰው አነበቡት።» መነጽራቸውን ጠረጉ። «ለእርስዎ ከባድ እንደሆነ ይገባኛል። ግን የሞተ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ይነካዋል? በሕይወት ያለ ሰው ላይ ከምናደርገው ይሻላል ብለን ነው።»

«ጊዜ ስጡኝ» አለች። እስከ ሰኞ ሰጧት።

በር ላይ ክፍል ኃላፊዋ ክንዷን ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳት። «እትዬ፣ ይቺን ነገር አይነካኳት። ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ነጥቧ ባለችበት ትቀመጥ።»

«አስሩን ይስቀሏት ያልከኝ አንተ ነህ።»

«ይስቀሏት አልኩ እንጂ ተገልብጣ ትሰቀል አላልኩም።» ወዲያው አፈረ። «ይቅርታ። አፌ ነው።»

ወሬው ግን ከኮሚቴው ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር። የወንድሟ ሚስት አንድ ቀን ባዶ እጇን ከገበያ ተመልሳ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«አትክልት ሻጯ ምን አለችኝ መሰለሽ፣ እትዬ? ‹የበረኪና ሚስት፣ ባልሽ ፊደል ሳይቆጥር ነው እንዴ ውሃ ላይ ያስቀመጡት?› አለችኝ። ልጇ ሞታባታል። ምን ልመልስላት?» ፊቷን በሁለት እጇ አሸችው። «ልጄ ትምህርት ቤት ብቻዋን ነው የምትቀመጠው። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ማንበብ አይችልም ነበር?»

«ይችል ነበር።»

«ታዲያ ጻፊላቸዋ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ብጽፈው ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል።»

«ይምጣ። ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል? ምንም ይዞ ይምጣ፣ የእሱን ስም ያጥራልኝ።»

ያን ጊዜ ልትነግራት ትችል ነበር። በምትኩ «እሺ» አለችና ወደ ጓሮ ክፍሏ ገባች።

እሷ ያልቆጠረችውን ነገር አትጽፍም። ስለዚህ የዚያን ማክሰኞ ገጽ ቀድታ፣ አራት ቀን ሙሉ እየዞረች ሃያ ሰው ጠየቀች። ምንም ሳታስረዳ ወረቀቱን ትሰጥና «በዚህ ውሃ ውስጥ ስንት አለ?» ትላለች። መልሱን በሰውየው ሥራና በተማረበት ቦታ ለይታ ትመዘግባለች። የመድኃኒት ቤቷ ባለሙያ አራት ሺህ አንድ መቶ አለቻት። ከአጠገቧ የሚሠራው ባልደረባዋ ምንም የለበትም፣ ንጹህ ነው አለ፤ ሁለቱ በዚሁ ተጨቃጭቀው ደንበኛ አስቆሙ። ክፍል ኃላፊዋ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አይቶ እንደ እሷ አነበበ። ሹፌሩ እንደ ወንድሟ አነበበ፣ «እትዬ ነጥብ፣ ፈተና ነው እንዴ?» ብሎም ሊቀልድ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። የወንድሟ ልጅ ደብተሯን ገፋ አድርጋ ወረቀቱን ተቀበለችና በጣቷ ከላይ ወደ ታች ወረደች።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ዜሮ አራት አንድ» አለች። «አባዬ ነው ያስተማረኝ። ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም።»

ዘጠኙ እንደ እሷ፣ አሥሩ እንደ ወንድሟ አነበቡ። ሃያኛው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ወረቀቱን አንብበው መለሱላትና «ይህን የጻፈው ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ካልጠየቅሁት አላውቅም» አሏት። ከሃያው ትክክል የመለሱት እሳቸው ብቻ እንደሆኑ ተረዳች። ወንድሟ አልጠየቃትም። መጠየቂያው ቦታ በየቀኑ አብረው የሚበሉበት ጠረጴዛ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ገጽ ጽፋ ቀረበች። አንደኛው ገጽ የሃያው ሰው መልስ ነው። ሁለተኛው እንዲህ ይላል፦ ኦፕሬተሩ ሪፖርቱን በተማሩት መንገድ አንብበዋል፤ አነባበባቸው ግማሽ የሚሆነው አንባቢ የሚያነበው ነው። ርዕሱ ለሁለት ንባብ የተጋለጠ ነበር። ርዕሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ምልክቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ማብራሪያ መጨመር አስቤ የተውኩት እኔ ነኝ።

ሰብሳቢው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ይህን የግድ ማስገባት አለብዎት?»

«መዝገብ ነው» አለች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጨረሻው ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ወጣ። አንዱ ቅጂ ለሟች ቤተሰብ፣ አንዱ ለእሷ። ኦፕሬተሩ ሪፖርቱን በአግባቡ ማንበባቸውን፣ በሥራቸው ላይ ሳሉ መሞታቸውን፣ ጥፋቱም የመዝገቡን ርዕስ ያለ ማብራሪያ የጻፉት የመዝገብ ሠራተኛ መሆኑን ይገልጻል፤ የእሷ ስም ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። አስሩ ይሰቀል ያለው ማን እንደሆነ፣ ዓምዱን አጥብቦ ያሳተመው ማን እንደሆነ ደብዳቤው አያነሳም። ከሥራ መታገዷ የተነገራት በዚያው ቀን ነው። የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ለክፍል ኃላፊዋ ስታስረክብ ቀና ብሎ አላያትም።

ቤት ስትደርስ የወንድሟ ሚስት ደብዳቤውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ በጣቷ ቃል በቃል እየተከተለች ታነብ ነበር። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማለች።

«ይሄ የመዝገብ ሠራተኛዋ...» አለች ሚስቱ። «አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ሆስፒታል። ከመሞቱ በፊት ባለው ቀን።»

«እሱስ አወቀ?»

«አልነገርኩትም። ቁጥርሽ ንጹህ ነው አለኝ።»

ሴትዮዋ ደብዳቤውን ወደ ራሷ ሳበችው። ስትናገር ድምጿ ከፍ አላለም።

«ስሙን አጥርተሽለታል። አልክድሽም፣ እግዜር ይስጥሽ። አትክልት ሻጯንም ነገ ሄጄ አስነብባታለሁ።» ወረቀቱን በመዳፏ አለሰለሰችው። «ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንቺን እያየሁ ጉርሻ አይወርድልኝም፣ እትዬ። ቤቱ የወላጆችሽ ነው፣ ውጪ ልልሽ አልችልም። እንቢ ካልሽ እኛ እንወጣለን።»

«እኔ እወጣለሁ» አለች።

ልጅቷ «እማዬ» ብላ ጀመረች፤ እናቷ ዞር ብላ አየቻትና አልጨረሰችውም። እህቱ በዚያች ቅጽበት ልትናገረው የምትችለው አንድ ነገር ነበር፤ ያ እሑድ ምሳ፣ ወደ በሩ የተጠቆመችው ማንኪያ። ምላሷ ላይ መጣ። አውጥታ ብትጥለው ሸክሙ ለሁለት ይከፈል ነበር። ዋጠችው። ያ ነገር በየትኛውም መዝገብ አልገባም።

ቅዳሜ ጠዋት ሹፌሩ ዕቃ ሊጭንላት የመሥሪያ ቤቱን መኪና ሳያስፈቅድ ይዞ መጣ። ዕቃዋ ብዙ አልነበረም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ፣ ሁለት ሳጥን መጽሐፍ። የተከራየችው ክፍል ከከተማው ማዶ፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ነው። ሹፌሩ አልጋውን ሲያስር አንድም ቀልድ አልቀለደም።

ሳጥኑን ተሸክማ በፊት ለፊቱ ክፍል ስታልፍ የወንድሟ ሚስት ወንበር ላይ ቆማ ግድግዳው ላይ ሚስማር ትመታ ነበር። ደብዳቤውን መስታወት ባለው ክፈፍ አስገብታዋለች። ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ ሳያነበው እንዳይወጣ በሚያስገድድ ቦታ ሰቀለችው። ወረደችና ራቅ ብላ አየችው፤ በግራ በኩል ዘንበል ብሎ ነበርና አቃናችው።

እህቱ ሳጥኗን እንደያዘች ቆማ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። የደብዳቤውን ቁጥር አየች፣ ቀኑን አየች፣ የወንድሟን ስም አጻጻፍ፣ የራሷን ስም፣ እሱ የሞተበትን ሰዓት፣ የማኅተሙን ቦታ አየች። የምትፈልገው አንድ ስህተት ነበር፤ ትንሽ፣ ምንም ይሁን፣ ይታረም ብላ አንድ ጊዜ ወደዚህ ቤት የምትመለስበት። አንድም አላገኘችም። ሁሉም ትክክል ነበር።